ያልታሸ ጫማ

ኢንስፔክተር ሸጊቱ ሊማሊሞ አፋፍ ላይ ወዳለው ሎጅ የተጠራችው ለአንድ ሬሳ ነበር። ገና ከመድረሷ ከኋላዋ ገደሉ ተንዶ መንገዱን ዘጋው። ወደ ደባርቅ መመለሻ የለም፤ ጉሙም መስኮቱን ደፍኖታል። ገዳይ ካለ እዚሁ ከእሷ ጋር ተቆልፎበታል ማለት ነው፤ ነገሩ ጨርሶ አላስደሰታትም።

የትናየት ከአዳራሹ የድንጋይ ደረጃ ሥር ተዘርራለች። የዳባት ልጅ ናት፤ በውጭ አገር ትልልቅ መድረኮች ዋና የባሌት ዳንሰኛ ሆና ስሟ የተጠራ። እግሯ ላይ ሮዝ የባሌት ጫማ አለ፤ ሪባኑ ቁርጭምጭሚቷ ላይ በወጉ ታስሯል።

«ጠዋት ጠዋት ትለማመዳለች» አለ ባሏና ሥራ አስኪያጇ ስሜነህ። «ጎህ ሲቀድ ጫማዋን ደረጃው ላይ ስትቀጠቅጥ አልጋዬ ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ። ከዚያ አዳልጧት ይሆናል።»

«ጫማ ይቀጠቀጣል እንዴ?»

«አዲሱ እንደ እንጨት ነው። ካልቀጠቀጡትና ካላሹት አይደነስበትም።»

ሸጊቱ ጎንበስ ብላ አየች። ማጅራቷ ላይ ትልቅ ቁስል አለ፤ ድንጋዩ ላይ ግን የደም ጠብታ የለም።

«የሞተችው እዚህ አይደለም» አለች። «ተሸክመው ነው ያመጧት።»

ስሜነህ ወዲያው ወደ ሟቿ ተማሪ ወደ ጽጌሬዳ ዞረ። «እንግዲያው የዚችን ሻንጣ ይፈትሹ። የባለቤቴ አሮጌ ጫማዎች ሁሉም ጠፍተዋል።»

ጫማዎቹ እውነትም ከልጅቷ ሻንጣ ወጡ። ጽጌሬዳ ወደ ኢንስፔክተሯ ቀረበች።

«ትናንት ማታ እትዬ ራሳቸው ሰጡኝ። ከእንግዲህ አልደንስም፣ ዳባት ቁጭ ብዬ ልጆች አስተምራለሁ አሉኝ።»

«ይህን የሰማ ሰው አለ?»

«ማንም የለም።»

ሸጊቱ ወደ ሻንጣው ጎንበስ አለች። እንዲህ ባለ ነገር ስንት ልጅ እስር ቤት ገብቷል። ከሻንጣው አንዱን ጫማ አንስታ ስታጥፈው እንደ ጨርቅ ታጠፈ። የሟቿን ስትጫነው ግን ንቅንቅ አላለም።

ሎጁ ውስጥ ያሉትን ሦስቱንም፣ ስሜነህን፣ ጽጌሬዳንና የሎጁን ባለቤት፣ ምግብ ቤቱ ውስጥ አስቀመጠቻቸው።

«ጋሽ ዳምጤ» አለች ባለቤቱን፣ «ያን ሪባን እንደዚያ ማሰር ይችላሉ?»

«ኧረ እኔ የራሴን ጫማ ክር ማሰርም ያታክተኛል፣ ልጄ።»

«ጽጌሬዳ ማሰሩን ታውቅበታለች። ግን የታሹት ጫማዎች እሷ ዘንድ እያሉ ማንም ዳንሰኛ የማያደርገውን ጫማ ለምን ታደርግላታለች? ያን ያደረገላት ሌላ ጫማ ፈልጎ ያጣ ሰው ነው። አቶ ስሜነህ፣ ስትቀጠቅጥ ሰማሁ አሉኝ። ጫማው ግን አልተቀጠቀጠም። እንዲህ ያለ ውሸት የሚያስበው ልማዷን የሚያውቅ ብቻ ነው። አሮጌዎቹ መጥፋታቸውንስ መቼ አወቁ? ሬሳው ከተገኘ ወዲህ ከጋሽ ዳምጤ አልተለዩም። ያወቁት ከዚያ በፊት፣ ለሬሳው ሊያደርጉላት ፈልገው ሲያጧቸው ነው።»

ስሜነህ ብድግ ብሎ በሩን አየ፤ ከበሩ ውጭ ጉምና ገደል ብቻ ነው። ተመልሶ ተቀመጠ።

«በቃኝ አለችኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ዕድሜዬን በሙሉ የእሷ ሰው ነበርኩ። እሷ ካቆመች እኔ ማን ነኝ? ገፋኋት፤ ከመኝታ ክፍላችን የድንጋይ ግድግዳ ጋር ተጋጨች። የደባርቅ ፖሊስ የባሌት ጫማ ምን ያውቃል ብዬ…»

ሸጊቱ ካቴናውን አጠለቀችለት። መንገዱ እስኪከፈት አራቱም ከሬሳው ጋር አብረው መጠበቅ ነበረባቸው።

ጽጌሬዳ ወደ ደረጃው ሄዳ ተንበረከከች። «ይህን ጫማ ላውልቅላቸው?» አለች። ሸጊቱ ፎቶውን አንስታ ጨርሳ ነበርና ፈቀደችላት። ልጅቷ ሪባኑን ፈታች፤ የቆሰሉትን፣ የተጣመሙትን ጣቶች በነጠላዋ ሸፈነች።

«እትዬ በቃኝ ብለው ነበር» አለች።