ሃያ እርምጃ

«ኤፍ፣ ኤክስ፣ ዐሥራ አራት፣ ኬ፣ ዲ፣ ቢ።» አያቷ ሳይደናቀፉ ተናገሩና እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። «በይ፣ ለእናትሽ ጻፊላት። አነበበ በያት።»

ታምሲን ስልኳን አውጥታለች፤ አንድ ፊደል ግን አልጻፈችም። ከመንገዱ ማዶ፣ ከጎረቤታቸው ከሚስስ ቦል በር ላይ የቆመው ግራጫ መኪና የሰሌዳ ቁጥሩ ሌላ ነው። በዋይ ነው የሚጀምረው። ከቆሙበት እስከዚያ ሃያ እርምጃ ነው፤ ለክታ የቆጠረችው እሷው ራሷ ናት።

«አባባ፣ ሙድ እየያዙብኝ ነው?»

«የምን ሙድ? ኤፍ፣ ኤክስ፣ ዐሥራ አራት...»

«እሺ እሺ፣ ሰማሁ።»

የሚስስ ቦልም መኪና ግራጫ ነው። ትናንት አመሻሽ ላይ ግን ልጃቸው ከሊድስ መጥቶ የእናቱን መኪና ጓሮ አስገባና የራሱን እዚያው ቦታ አቆመ። አያቷ ያነበቡት እዚያ የሌለ ቁጥር ነው። በቃላቸው ይዘውት ኖሯል።

ነገሩ የመጣው ከእናቷ ነው። ታምሲን የትምህርት ቤት ዕረፍቷን እዚህ ስታምፎርድ አያቷ ዘንድ ልታሳልፍ፣ ቅዳሜ ደግሞ ሁለቱ ብቻቸውን በመኪና ወደ ሰሜን ሊጓዙ ሲባል እናቷ ክፉኛ አንገራገረች። «ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። በየቀኑ ጠዋት ከሃያ ሜትር ርቀት የመኪና ሰሌዳ ያንብብልኝ፤ የአሽከርካሪ ሕጉም ይኸው ነው። አንድ ቀን ከሳተ ጉዞው የለም። ምስክሬ አንቺ ነሽ» አለቻት። ምስክሯ ሦስት ቀን «አነበቡ» እያለች ጽፋለች።

ዛሬ ምንም ሳትጽፍ ስልኩን ኪሷ ከታ ተከትላቸው ገባች።

የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የመንገዱ ካርታ እንደተዘረጋ ነው። ጠርዙ ተበልቷል፤ ሻይ የፈሰሰበት ገጽ አለ። የእርሳሱ መስመር የሴት አያቷ የዶሪን ነው። ዶሪን ያንን መስመር በየዓመቱ ታሰምረው፣ ባሏ ደግሞ በየዓመቱ ለከርሞ ይሉ ነበር። አንዱን ዓመት ጣራው ያፈሳል፤ አንዱን ዓመት ድንቹ አልተነቀለም። ዕድሜ ልካቸውን ዳቦ በመኪና ሲያከፋፍሉ የኖሩ ሰው፣ ሚስታቸውን አንድ ቀን እስከ ባሕሩ ከተማ እስከ ዊትቢ ሳያደርሷት ባለፈው ጥር ቀበሯት።

በቀብሩ ዕለት ወንዶቹ ጥቁር ልብሳቸውን ለብሰው፣ ሳንድዊች በእጃቸው ይዘው፣ «በየት በኩል መጣችሁ?» ነበር የሚባባሉት። አንዱ በኒውአርክ ይሻላል ይላል፤ ሌላው እዚያ መንገድ እየተሠራ ነው ይላል። አያቷም ስለ ዶሪን አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ፣ ለእንግዳው ሁሉ የመመለሻውን መንገድ ሲያስረዱ ዋሉ። ታምሲን ያን ቀን ተናዳ ነበር። ልቅሷቸው እሱ እንደነበር የገባት ኋላ ነው።

«ቅዳሜ ጠዋት ሊንከን ላይ ቁርስ በልተን እንወጣለን» አሉ አሁን፣ ጣታቸውን ካርታው ላይ እየነዱ። «ካቴድራሉን ከነኮረብታው ከኋላችን ትተን ቀጥ ነው። ወንዙን በትልቁ ድልድይ እንሻገርና ምሳ ቤቨርሊ። ዮርክ አድረን ጠዋት በጥንቱ የከተማ ቅጥር ላይ በእግር ዞር ዞር እንላለን። ከዚያ ዊትቢ። እዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያወጣው ደረጃ መቶ ዘጠና ዘጠኝ ነው፤ አንቺ ትቆጥሪያለሽ፣ እኔ አለከልካለሁ።»

«በፈጣኑ መንገድ ብንሄድስ?»

«በፈጣን መንገድ የሚጫነው በግ ነው! በሱ ብወስድሽ፣ ስሞት ዶሪን ጎኗ አታስተኛኝም።»

ታምሲን እየሳቀች ካርታውን አየች። ቤቨርሊ እያሉ ጣታቸው ከመስመሩ ወጥቶ ሰማያዊው ላይ፣ ባሕሩ መሐል ቆሟል። አላወቁም።

«አባባ» አለች። «የዛሬው መኪና የሚስስ ቦል አይደለም።»

ጣታቸው ከባሕሩ አልተነሣም።

«የማን ነው?»

«የልጃቸው።»

«ያ ጅል። የእናቱን ቦታ መያዝ ምን አስፈለገው?»

ሳህን ላይ ያለውን የተጠበሰ ዳቦ ወደሷ ገፉት። አልነካችውም። አያቷ መነጽራቸውን አውልቀው በሹራባቸው ጫፍ መጥረግ ጀመሩ።

«መሐሉ ነው የጠፋኝ» አሉ። «ዳር ዳሩን አያለሁ። ዛፉን፣ አጥሩን፣ የጸጉርሽን ቅላት። ፊት ለፊት የማየው ነገር ግን እንደ ተፋቀ ሥዕል ነው። ሐኪሙ እየባሰ ይሄዳል አለኝ።»

«መቼ ነው ያለዎት?»

«ዶሪን ሳትታመም። እሷ ታውቅ ነበር።»

«ታዲያ እንዴት ይነዳሉ?»

«መንገዱን አውቀዋለሁ።»

«መንገዱ ላይ ያለውንስ ሰው ያውቁታል?»

ታምሲን ግን ለመጮኽ አፍ አልነበራትም። ከትናንት በስቲያ አብረው ዳቦ ሊገዙ ሲሄዱ የአያቷ መኪና የእግረኛው መንገድ ላይ ወጥቶ፣ አንዲት ሴትዮ ውሻዋን ታቅፋ ዘለለች። አያቷ «ፀሐይዋ ናት፣ ዐይኔ ውስጥ ገብታ ነው» አሉ። ያን ጊዜ ያካፋ ነበር። ታምሲን ዝናቡን በመስኮቱ እያየች ዝም አለች። እሷም መሄድ ፈልጋለች። ዶሪን በካርታው ላይ ስትነዳት ያደገች ልጅ ናት።

«ነሐሴ ላይ እማ ፈቃድ ትወጣለች» አለች። «እሷ ትንዳ፤ ሦስታችን እንሂድ።»

«ነሐሴ!» አያቷ ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። «እኔም ይህንኑ ነበር ለዶሪን የምላት። ነሐሴ ላይ እንሄዳለን። ነሐሴ ላይ ምን እንደሚታየኝ ታውቂያለሽ? ባሕሩን ማየት ነው የምፈልገው፣ ልጄ። ዳሩንም ቢሆን። አይቼው፣ ሄጄ ልነግራት ነው።»

መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ። ድምፃቸው ወረደ።

«ጉዞው አምስት ቀን ብቻ ነው። ቀስ ብዬ ነው የምነዳው። ዛሬም እንደ ትናንቱ ጻፊላት፤ ከተመለስን በኋላ ቁልፉን በገዛ እጄ እሰጣታለሁ። ይህን ያህል አታደርጊልኝም?»

በሕይወታቸው ምንም ነገር ለምነዋት አያውቁም። ታምሲን ዐይኗን እንባ ሞላው፤ እሳቸው እንደማያዩት ስታስብ ደግሞ ባሰባት።

ስልኳን አወጣች። ጓዳ ገብታ መደወል ትችል ነበር። ከወንበሯ አልተነሣችም። ወንበሯን ጎትታ ክርናቸው እስኪነካት ቀረበችና እዚያው ደወለች።

«ከጀርባዎ አላወራም» አለቻቸው። «የሚሉት ካለ ይንገሩኝ፣ እላታለሁ።»

አያቷ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ክርናቸውን ግን አላነሡም።

«ሃሎ?» አለች እናቷ። «ታምስ፣ ምነው አረፈድሽ? አነበበ?»

«አላነበቡም።»

«ደክሞት ይሆናል» አለች እናቷ። እሷም ይህ ጉዞ እንዲቀርባቸው አልፈለገችም መሰል፣ ድምጿ ልመና ነበረው። «ዛሬ ብቻ ነው አይደል?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። አንዲት ቃል ናት። የአያቷ ክርን አሁንም ክንዷን እንደነካ ነው።

«አይደለም፣ እማ» አለች። «ሁሉንም ቀን ነው። ከትናንት በስቲያ ደግሞ ዳቦ ልንገዛ ስንሄድ የሆነ፣ ያልነገርኩሽ ነገር አለ።»