የተነሳው አሸዋ

ድምፅ ሰማን፣ ጥላ አየን የሚሉ ሰዎች ሲያወሩ በሳቅ የምፈርስ ሰው ነበርኩ፣ ነቀምቴ ውስጥ እንደኔ በሰው ፍርሃት የሚቀልድ አልነበረም፣ ሚስቴን ጠይቃት፣ አሁን ግን ስማኝና አንተው ፍረድ።

ዴዴሳ ወንዝ ዳር፣ ነጩ አሸዋ ከተኛበት አጠገብ፣ የእረፍት ቀን የምናሳልፍበት ትንሽ ቤት አሠራ ነበር፣ ልጆቼ አሸዋው ላይ ይቦርቁ ብዬ። አሸዋ የሚያወጣልኝ ገመቹ የሚባል ወጣት ነው፣ መኪናው ሲሞላ ጎኑን በአካፋ ሦስት ጊዜ ይመታል፣ ጓ፣ ጓ፣ ጓ፣ ያኔ ሹፌሩ ይነሳል። አንድ ቀን "ለልስን ደቃቁን ነው የምፈልገው፣ ከሥር ቆፍር" ብዬ አስገደድኩት፣ ዳርቻው ተናደበትና በዚያው ቀረ፣ ሦስት ቀን ተፈልጎ አልተገኘም።

የአሸዋ አውጪዎቹ ደንብ ሰው የቀረበት አሸዋ ሬሳው ሳይገኝ አይነሳም ነው። እናቱ እዚያው ቁጭ ብላ "ማሎ፣ እባክህ ልጄ፣ አታንሳብኝ፣ ጣቱንም ቢሆን ልቅበር" ብላ ለመነችኝ። እኔ ግን "ሃርሜ፣ እናቴ፣ ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ሥራ አይቆምም" አልኳትና ከሌላ ቦታ ሠራተኛ አምጥቼ አስጫንኩ፣ እውነት እልሃለሁ፣ ዓይኗን እንኳ አላየሁም።

ቤቱ ባለቀ በመጀመሪያው እሁድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ልጆቼ ውጭ ሲቦርቁ እኔ ቤት ውስጥ ጋደም ብዬ፣ ግድግዳው ውስጥ አሸዋ ሽር ሲል ሰማሁ፣ አይጥ ነው አልኩ፣ ወዲያው ልስኑ በሰው ቁመት ልክ ወዛ፣ እጄን ባሳርፍበት እንደ ወንዝ ውሃ ቀዘቀዘኝ፣ ከዚያ ጓ፣ ጓ፣ ጓ! እመነኝ፣ ከውስጥ ነው።

ደንግጬ በሩን ስከፍት እናትየው ደጃፉ ላይ ቆማለች።

"ሰማኸው አይደል? አፍርሰህ ስጠኝ።"

"ምንም አልሰማሁም፣ አርጅተሻል፣ ሂጂ!"

ትንሿ ልጄ ግን ከኋላዋ ብቅ ብላ "አባዬ፣ መኪናው ሞላ እንዴ?" አለችኝ። በጥፊ መታኋት፣ በሕይወቴ ልጅ መትቼ አላውቅም።

ቤቱን ዘግቼው መጣሁ። እናትየው እስከ ዛሬ ግድግዳውን ተደግፋ ትውላለች፣ በበትሯ ሦስት ጊዜ እየመታች ታዳምጣለች አሉኝ። መዶሻ ይዤ ለመሄድ ስንቴ ተነሳሁ መሰለህ፣ ባገኘው ምን ብዬ ፊቷ እንደምቆም ሳስበው እመለሳለሁ። ፈሪ ነኝ፣ በል ሳቅብኝ።

በተረፈው አሸዋ እዚህ ነቀምቴ ያለውን የልጆቼን መኝታ ክፍል አስለስኜ ነበር። ዛሬ ጠዋት ግድግዳው ወዝቶ አገኘሁት፣ ትንሿ ልጄ ጆሮዋን ለጥፋ ቆማለች፣ ምን እንደሰማች ብጠይቃት አልነግርህም አለችኝ።