ሦስተኛው ገመድ

የምነግራችሁ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ... እኔን ግን አሥራ አንድ ዓመት እንጀራ የበላሁበትን የዲሽ ሙያ አስትቶኛል።

ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ነበር። ጨለማ የለ፣ ዝናብ የለ። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

ታላቅ እህቴ ከስድስት ዓመት ልጇ ከሚጣ ጋር አዲስ ቤት ከገባች ሁለት ሳምንቷ ነበር። ቤቱን ፈልጌ ያገኘሁላት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሁለት ቲቪ አላት፤ አንዱ ሳሎን፣ አንዱ መኝታ ቤቷ። ዲሹ ከድሮም እዚያው የነበረ ነው። "ምስሉ ድንገት ይጠፋል፣ ከዚያ ራሱ ይመለሳል" እያለች ስትጨቀጭቀኝ ሰነበተች።

"የሰው ዲሽ ስታስተካክል ትውላለህ፣ የእህትህ ሲሆን እግርህ ይታሰራል" አለችኝ በሩን ስትከፍት። "ለነገሩ ጥፋቱ የሚጣ ነው። ሪሞት ስትነካካ ነው የምትውለው።"

"እኔ አይደለሁም" አለች ሚጣ።

አልተነጫነጨችም። ብዙ ጊዜ ተናግራ የሚሰማት እንዳጣች ሰው ነበር አነጋገሯ።

ለእህቴ ደውዬ ስልኬን ስፒከር ላይ አድርጌ ደረት ኪሴ ከተትኩና ጣሪያው ላይ ወጣሁ።

የዲሹን ሲግናል ለየቲቪው የምታከፋፍለው ስፕሊተር የምትባል ትንሽ ዕቃ ናት። ርካሽ ከሆነች ክፉ ጠባይ አላት... አንዱ ቲቪ ቻናል ሲቀይር የሌላው ምስል ይጠፋል።

ስፕሊተሯን አገኘኋት። ሦስት ገመድ ይወርድባታል።

ቲቪው ሁለት ነው።

ሣቄ መጣ። ጎረቤት እየጠለፈ ነው ብዬ ሦስተኛውን ገመድ በእጄ እየዳሰስኩ ተከተልኩት። ወደ ጎረቤት አልሄደም። ቆርቆሮውን በስቶ ወደዚሁ ቤት ገባ... በሳሎኑና በሚጣ ክፍል መካከል ባለው ግድግዳ ላይ።

ነገሩ አልጣመኝም።

"እታለም፣ ሁለቱንም ሪሲቨር ከሶኬት ንቀይልኝ።"

"ነቀልኩ።"

እንግዲህ የበራ ሪሲቨር በገመዱ በኩል ወደ ዲሹ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይልካል። ገመድ ላይ ቮልት ካለ፣ በሌላኛው ጫፍ የበራ ሪሲቨር አለ ማለት ነው። የቮልት መለኪያዬን አውጥቼ የሳሎኑን ለካሁ። ዜሮ። የመኝታ ቤቱን ለካሁ። ዜሮ።

ሦስተኛውን ለካሁ።

አሥራ ሦስት ቮልት።

ከዚያ አሥራ ስምንት።

አሥራ ሦስት... አሥራ ስምንት... አሥራ ሦስት...

ቮልቱ እንዲህ ከፍ ዝቅ የሚለው አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ቻናል ሲቀያይር ነው።

ሞኝነቴን እዩልኝ። የዲሽ ሠራተኛ ሁሉ የሚያደርገውን አደረግኩ፤ ገመዱን ከስፕሊተሯ ፈታሁት።

የእህቴ ድምፅ ወደ ሹክሹክታ ወረደ።

"ወንድምዓለም..."

"ምነው?"

"ግድግዳው ውስጥ... ወንበር ተንቋቋ። ሰው ተነሳ።"

ምስል ሲጠፋባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ተነስታችሁ ምን እንደሆነ ማየት ነው።

"እየሄደ ነው" አለች። "ቀስ እያለ... ወደ ሚጣ ክፍል።"

"ሚጣስ የት ናት?"

"ክፍሏ ውስጥ። አሻንጉሊቷን እያበጠረች ነው... እግሬ እምቢ አለኝ።"

ገመዱን መልሼ ለማሰር ተጣደፍኩ። አጣምሜ ስላጠበቅኩት በገመዱ ጫፍ ያለው የኮኔክተሩ ጥርስ ተበላ። አልይዝ አለኝ። በሁለት ጣቴ ተጭኜ ያዝኩት።

"አሁንስ?"

ጣቶቼን ይበልጥ ተጫንኩ።

"እታለም፣ አሁንስ?"

"ቆመ..."

ገመዱን እንደያዝኩ ጠበቅኩ።

"ተመለሰ... ተቀመጠ።"

"ልጅቷን እቀፊና ውጪ። ጫማ እንዳትፈልጊ።"

"አንተስ?"

"እኔ ይዤለታለሁ። ሂጂ።"

ላብ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ጣቴ ደነዘዘ። ትንሽ ሸርተት ቢልብኝ ያ ሰው ይነሳል... ሚጣ ደግሞ ገና እዚያ ናት። እንደዚያን ቀን ፈርቼ አላውቅም።

የግቢው በር ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። እህቴ በባዶ እግሯ ልጇን አቅፋ ወደ መንገድ ወጣች። ሚጣ ከእናቷ ትከሻ ላይ ሆና እጇን አውለበለበችልኝ።

"ወጣን። በል ውረድ" አለችኝ በስልኩ።

መውረጃው አንድ ነው፤ በሚጣ መስኮት በኩል የተደገፈ አሮጌ የእንጨት መሰላል። ስወጣበት እንደ ሰካራም ሲወላገድ ነበር።

ገመዱን ለቀቅኩና ሮጥኩ።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ የመጀመሪያውን ደረጃ ረገጥኩ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን።

መሰላሉ ፍንክች አላለም። የሆነ ሰው ከሥር አጥብቆ ይዞልኛል።

"ማን ተመለሺ አለሽ?" ብዬ ተቆጣሁ።

"የት?" አለች እህቴ በስልኩ። "እኛ መንገድ ዳር ነን..."

ከዚያ ትንፋሿ ሲቆራረጥ ሰማሁ።

"ወንድምዓለም... ወደ ታች እንዳታይ። ወደ ላይ ተመለስ።"

ያኔ መሰላሉ ከሥሬ ትንሽ ረገበ... የታችኛውን ደረጃ ሌላ እግር ረግጦታል።