የጋሽ ታደሰ ጠመኔ

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ ከሚስቁት ነኝ፣ ሙት ታየኝ ድምፅ ሰማሁ የሚሉትን «ራት ሳትበሉ ተኝታችሁ ነው» እያልኩ ነው የኖርኩት፣ አሁን የራሴን ልንገራችሁና እናንተ ሳቁብኝ።

አሶሳ ትንሽ የስፖርት ዕቃ መሸጫ አለችኝ። ሙያውን ያገኘሁት አዲስ አበባ፣ ፒያሳ፣ ጋሽ ታደሰ ሱቅ ማልያ ላይ ቁጥር እየሰፋሁ ነው። ያ ሱቅ ምን ዓይነት ሱቅ መሰላችሁ፣ የጣውላ ደረጃው ሲረግጡት ይንቋቋል፣ ከጣሪያው የመረብ ኳስ መረብ ተንጠልጥሏል፣ መስኮቱ ላይ ቀይ ቱታ የለበሰ አሻንጉሊት ቆሟል፣ የአዲስ ታኬታና የጎማ ሽታው ገና ከመንገድ ይቀበላችኋል፣ የማይገዛውም ሰው ለማሽተት ይገባ ነበር። ጋሽ ታደሰ የተነፋ ኳስ በዚያው ቀን አይሸጡም፣ ያሳድሩታል፤ ጠዋት አንዴ መሬት ላይ አንጥረው ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ያዳምጣሉ፣ አየር ያልያዘው ላይ በጠመኔ ኤክስ ያደርጋሉ። የፓምፑን መርፌ በምራቅ ሳያርስ ኳስ የሚነፋ ሠራተኛ ደግሞ ጠላታቸው ነው፣ ደረቅ መርፌ የኳሱን አፍ ይቀደዋልና።

አንድ ጠዋት ሃያ ኳስ ተንፍሶ ተገኘ። በደረቅ መርፌ የነፋው አብሮኝ የሚሠራው ሙሉጌታ ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ፣ እሱ ግን ቀድሞኝ «አስካለ ናት» አለ። «አልነካሁም» ብዬ አለቀስኩ፣ ጋሽ ታደሰ እሱን አምነው አሰናበቱኝ። እውነቱን ሳያውቁ ሞቱ፣ ሱቁም ሞባይል መሸጫ ሆነ አሉኝ። እመኑኝ፣ ከዚያ ወዲህ መርፌ ባረስኩ ቁጥር ሙሉጌታን ሳልረግመው ቀርቼ አላውቅም።

ባለፈው ክረምት፣ ዝናቡ አላስወጣ ባለ አንድ ከሰዓት፣ ማን ቢገባ ጥሩ ነው፣ ሙሉጌታ። ፀጉሩ ሸሽቷል፣ ሆዱ ቀድሞታል፣ እኔን አላወቀኝም። ለአንድ ውድድር ሃያ ኳስ ሊያስረክብ መጥቷል፣ ነፍቶ በጠዋት ካላቀረበ ሥራው ለሌላ ይሰጣል፣ ፓምፑ ደግሞ መንገድ ላይ ተሰብሮበታል። «እህቴ፣ ፓምፕሽን አውሺኝና እዚሁ ነፍቼ ላሳድራቸው» አለኝ። አዋስኩት። መርፌውን በምላሱ እያረሰ ሲነፋ አየሁት፣ ያኔም ያውቅ ነበር ማለት ነው። ደርድሯቸው፣ መርቆኝ ሄደ።

ሊመሽ ሲል በሩን ገርበብ አድርጌ መርፌውን በነጠላዬ ጫፍ አደረቅሁት። ደስ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሻችሁም። የመጀመሪያው ኳስ አፍ ላይ ሳስጠጋው ከኋላዬ አንድ ጊዜ ዱብ አለ። ዞርኩ፣ ሁሉም እንዳለ ነው። ከዚያ ዝም፣ ግን ሰው ትንፋሹን ውጦ ሲያዳምጥ ያለው ዓይነት ዝምታ። እንደገና ዱብ፣ እንደገና ዝም። መርፌው ከእጄ ወደቀ፣ አንዱንም ሳልወጋ ቆልፌ ወጣሁ፣ ቁልፉም ትራሴ ሥር አደረ።

ጠዋት ሙሉጌታ ቀድሞኝ በሩ ላይ ቆሟል። ስከፍት ሃያዎቹም ተንፍሰው ተጨማደዋል፣ እያንዳንዱ ላይ የጠመኔ ኤክስ አለ። እኔ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ጠመኔ የሚባል ነገር የለም። ጎረቤቴ ሃዋ፣ ማንጎ የምትሸጠው የበርታ ሴት፣ አማርኛ ስታወራ ሁሉንም ሰው «አንተ» ነው የምትለው፣ አንገቷን አስገብታ «ማታ ሱቅህ ውስጥ ሽማግሌ ይስላል፣ ኳስ ያነጥራል፣ ወላሂ አባትህ መጣ ብዬ ነበር» አለችኝ።

ሙሉጌታ ኤክሱን በጣቱ ነካው፣ ፊቱ አመድ መሰለ፣ ቀስ ብሎ ቀና አለና አየኝ።

«አስካለ?»

«አዎ።»

«አንቺ ነሽ ያደረግሽው።»

«አልነካሁም» አልኩት። ያኔ እያለቀስኩ ነበር ያልኩት፣ አሁን እየሳቅሁ።

ሥራው ለሌላ ተሰጠ። አላዘንኩለትም፣ ዛሬም አላዝንለትም። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ጋሽ ታደሰ ፈረዱልኝ ብዬ እንቅልፌን እተኛ ነበር። በሳምንቱ ግን የራሴን ኳሶች ነፍቼ አሳድሬ ጠዋት ስከፍት፣ አንዱ ላይ ኤክስ ተደርጎበታል። አነጠርኩት፣ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት፣ ምንም አየር አላጎደለም፣ እሳቸው ምን እንደሰሙበት አላውቅም። ምልክቱን አጠብኩት፣ በማግስቱ ተመልሶ አገኘሁት። ኳሱ እስካሁን መደርደሪያው ላይ አለ፣ ገዢ ሲጠይቀኝ የተበላሸ ነው እላለሁ።