ሦስተኛው እንብላ

እኔ ሸውቂ ነገር አጋንናለሁ። ካይሮ ውስጥ ይህን የማያውቅ ካለ ገና አልተወለደም።

ሌባ በአንድ ሳል አባረርኩ ብዬ ያወራሁት ውሸት ነው፤ የሮጠው ድመት ነበር። ሰው ሁሉ «ሐጂ» ይለኛል፤ መካን ግን ያየኋት በቴሌቪዥን ነው።

ይህኛው ግን በራሴ ላይ የደረሰ ነው። አንዲት ቃል አልጨመርኩበትም። እንዲያውም ቀንሼለታለሁ...

ያለፈው ረመዳን፣ ከሃያ ሁለተኛው ቀን እስከ ሃያ አምስተኛው።

ሰዓቱ ሁልጊዜ ያው ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ የመግሪብ አዛን ሲሰማ። አሥራ ሁለት ሰዓት ከአምስት።

ቦታው መሃል ከተማ፣ አንድ ያረጀ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ያለች ትንሽ ሙዚየም። ሃያ ሁለት ዓመት ጠብቄያታለሁ። ያለኔ ፈቃድ ዝንብ አይገባባትም።

በዚያች ሰዓት መሃል ካይሮ ቆሞ የማያውቅ ሰው ብቻውን ሆኖ አያውቅም። ከሩብ ሰዓት በፊት ጥሩምባ ያደነቆረው መንገድ ጭር ይላል። ሱቁ ክፍት ነው፣ ሻጩ የለም። የትራፊክ መብራቱ ቀይ ይሆናል፣ አረንጓዴ ይሆናል... የሚያየው የለም። ሁሉም ቤቱ ገብቶ፣ ከሰው ጋር ተቀምጦ ያፈጥራል።

እኛ ደግሞ በዚያ ሰሞን ከኢፍጣር በኋላ፣ ሁለት ሰዓት ላይ፣ የሙዚቃ ዝግጅት ነበረን። እስከዚያ በሩን የሚጠብቅ አንድ ሰው ያስፈልጋል።

ባልደረቦቼን «እኔ እቆያለሁ» አልኳቸው።

ጋርደን ሲቲ አንድ ፓሻ ቤት ተጠርቼ ነበር፣ ለሥራዬ ስል ተውኩት አልኳቸው። አመሰገኑኝ። የሙዚየሙ ኃላፊ መዳም ጂላንማ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

ማንም አልጠራኝም። ባለቤቴ ኢንሳፍ ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበላችሁ። እኛ ዘንድ የሚበላ ሰው አጠገቡ ያለውን ሁሉ «እንብላ» ይላል። የተጠራው «ይስማማህ» ብሎ ያልፋል። ደግሞ ቢጠራም ያልፋል። እውነተኛው ጥሪ ሦስተኛው ነው። ሦስተኛው መሐላ አለው። እሱን እምቢ ማለት የሰውየውን ቤት መስደብ ነው።

በነዚያ ሁለት ዓመታት አንድ ጊዜ የጠራኝ ሰው ብዙ ነው። ሁለቴ የጠሩኝም አሉ።

ሦስተኛውን ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም።

የዚያ ሰሞን ዐውደ ርዕያችን ስለ መሃል ከተማ የድሮ ቤቶች ነበር። ለሠላሳ ዓመት ተቆልፎ የቆየ አንድ ቤት ተከፍቶ፣ የምግብ ክፍሉ እንዳለ መጥቶ በመጨረሻው አዳራሽ ተተክሏል። ረጅም ጠረጴዛ። ስድስት ወንበር፣ ስድስት ሳህን፣ ዳር ዳሩ በሰማያዊ ክር የተጠለፈ ስድስት የአፍ መጥረጊያ ጨርቅ። ዙሪያውን ቀይ ገመድ። ባለቤቶቹ የት እንደደረሱ የሚያውቅ የለም።

በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ዝርዝሩን ይዤ እቆጥራለሁ። ስድስት፣ ስድስት፣ ስድስት። እፈርማለሁ።

በመጀመሪያው ቀን የእንጨት ወንበሬን ገመዱ አጠገብ አደረግሁ። አዛኑ ተሰማ። ተምሬን ጎረስኩ፣ የፉል ቆርቆሮዬን ከፈትኩ። ከዚያ በሰለቸኝ ዝምታ ላይ ለማሾፍ ብዬ ወደ ባዶው ጠረጴዛ ዞርኩና፦

«እንብላ፣ ጎረቤቶች።»

«ይስማማህ።»

ቀስ ያለ ድምፅ ነበር። አፉ ውስጥ ጉርሻ እንዳለበት ሰው...

የጽዳት ሠራተኛችን ኡሙ ዊሳም መስላኝ ሳቅሁ። ከዚያ ትዝ አለኝ። እሷ ከወጣች አንድ ሰዓት አልፏታል።

ፉሉን ጨረስኩት። የፈራሁ እንዳይመስላችሁ።

በሁለተኛው ቀን ቆርቆሮውን ከመክፈቴ በፊት ሽታው መጣ። በቅቤ የሚጠበስ ነጭ ሽንኩርት። መስኮቶቹ ዝግ ናቸው። ሕንፃው ውስጥ ወጥ ቤት የለም።

«እንብላ።»

አሁን የጠሩት እነሱ ናቸው።

ምላሴ እኔን ሳይጠይቅ፣ እንደለመደው «ይስማማችሁ» አለ።

ለማን እንደመለስኩ የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። በባትሪዬ አየሁ። ሳህኖቹ ደረቅ ናቸው፤ አቧራም አለባቸው። አንደኛው ጨርቅ ግን እጥፋቱ ተፈትቷል። አንስቼ አጠፍኩት።

እርጥብ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ድምፁ ቀረበ። ገመዱ ጋ። ጆሮዬ ጋ።

«እንብላ፣ ሸውቂ።»

ሐጂ አላለኝም። በስሜ የምትጠራኝ ኢንሳፍ ብቻ ነበረች። ድምፁ ግን የኢንሳፍ አይደለም።

«ይስማማችሁ...» አልኩ በሹክሹክታ። ቆርቆሮዬን ታቅፌ ደረጃውን በአራት ዝላይ ወረድኩ። ደረጃው ሃምሳ ነው። ሰው እስኪመጣ ድረስ መንገድ ዳር ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ለኡሙ ዊሳም ነገርኳት። ትስቅብኛለች ብዬ ነበር፤ እኔን ማብጠልጠል ትወዳለች። መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«ስንቴ ጠሩህ?»

«ሁለቴ።»

«አንተስ መጀመሪያ ጠርተሃቸው ነበር?»

«ለቀልድ ነው እንጂ።»

ወደ መጨረሻው አዳራሽ ዞር ብላ አየች።

«ሐጂ፣ ዛሬ እዚህ እንዳትቀመጥ። ኢምባባ እኛ ቤት ና። ከልጆቼ ጋር ታፈጥራለህ።»

እና እኔ... ይቺ አፌ...

ዛሬማ ዘማሌክ አንድ የጥጥ ነጋዴ ቤት ተጠርቻለሁ አልኳት። ሁለት በግ ታርዷል አልኳት። መኪናም ይልክልኛል።

አየችኝ። ከላይ እስከ ታች፣ የተጣፈ ክርኔን ሳይቀር።

«እንደ ፈቀድክ» አለች።

ባልዲዋን አንስታ ወረደች። ደረጃው አናት ላይ ቆሜ ዞራ እስክታይ ጠበቅሁ። አንድ ጊዜ ብትደግመው ሁለተኛ ይሆናል፤ እሱንም እንደ ሥርዓቱ እምቢ ብል ሦስተኛው ይመጣል፤ እኔም ጫማዬን ሳላስር እከተላታለሁ። የነጠላ ጫማዋ ድምፅ ራቀ። መንገድ ወጣ። ጠፋ።

እውነቱን ልንገራችሁ? መሄድ እችል ነበር። ሆዴን አመመኝ ብል መዳም ጂላን እሷው ትጠብቅ ነበር።

ልሰማው ፈልጌ ነው የቀረሁት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ከአምስት። አዛኑ ተሰማ። ቆርቆሮውን አልከፈትኩም። እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ።

ምንም የለም።

አዛኑ አለቀ። ታች የትራፊክ መብራቱ ተቀያየረ፤ ቀይ ብርሃኑ ኮርኒሱ ላይ መጣ፣ ሄደ።

ምንም...

ከአራቱም ቀን የከፋው ያ ነው። እነሱም እንደ ሰው ሁሉ ሁለት ላይ አቆሙ ብዬ አሰብኩ። እኔ ሸውቂ፣ በጉልምስናዬ፣ ባዶ ጠረጴዛ ሳይጠራኝ ቀረ ብዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ያኔ ወንበሮቹ ሲንቀሳቀሱ ሰማሁ። አንድ... ሁለት... ሦስት... በቀስታ። ለመጣ ሰው ቦታ ለመልቀቅ እንደሚጠጋጉት።

«በሞቴ፣ ሸውቂ... ሳይቀዘቅዝ።»

ገመዱን አነሳሁ።

በሁለት ወንበሮች መካከል ክፍተት ነበር። የራሴን ወንበር ላመጣ ዞርኩ። የተቀመጥኩበት ቦታ ላይ የለም። ስመለስ ክፍተቱ ውስጥ ቆሟል።

ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው አንድ ነገር ነው። ግራና ቀኝ ክንዴ ላይ ሙቀት። ጠባብ ጠረጴዛ ላይ ሰው ሲጠጋጋ ክንድ ለክንድ እንደሚነካካው።

የቀሰቀሰችኝ መዳም ጂላን ናት። አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል።

«ሐጂ፣ እዚያ ውስጥ ምን ታደርጋለህ?»

ገመዱ እንደታሰረ ነው። ሳህኖቹ አቧራ እንደለበሱ። የፉል ቆርቆሮዬ እንደታሸገ። ሆዴ ግን የበግ አሮስቶ እንደወረደበት ሆድ ጠግቧል።

ከዚያች ማታ ጀምሮ አልራበኝም። ጠዋትም፣ ማታም። እጎርሳለሁ፤ አፌ ውስጥ ወረቀት ይሆናል፤ እተፋዋለሁ። አልከሳሁም። ሱሪዬ እንዲያውም ጠቦኛል።

ዐውደ ርዕዩ ከዒድ በፊት ተነሳ። ዕቃውን ያሸግሁት እኔ ነኝ። ስድስት ሳህን፣ ስድስት ጨርቅ። በእጄ ቆጥሬ ፈረምኩ። መኪናው ወደ እስክንድርያ ሄደ።

በዒድ ሁለተኛ ቀን፣ ወደ ማታ፣ ቤቴ በር ተንኳኳ። ኡሙ ዊሳም ናት።

«እኛ ቤት ና።»

«ይስማማችሁ።»

«ና እንጂ፣ ባሚያ ሠርቻለሁ።»

«ይስማማችሁ።»

መሄዷን ጠበቅሁ። ጀርባዋን በበሩ መቃን ላይ አስደገፈች።

«በሞቴ፣ ሐጂ። ሳልወስድህ አልመለስም። የነጋዴህን በግ ለሌላ ቀን አቆየው።»

ሄድኩ። በሁለት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው። ልጆቿ ተጠጋግተው ቦታ ሰጡኝ። ባሚያው ይጨሳል። ትልቅ ጉርሻ ጎረስኩ... አላመጥኩ... አላመጥኩ...

አልወርድ አለኝ።

ማንም አልሳቀም። ኡሙ ዊሳም ጎንበስ ብላ በጆሮዬ፦

«ማን አበላህ?»

ላቤን ልጠርግ መሀረብ ፍለጋ እጄን ኪሴ ከተትኩ። የያዝኩት መሀረብ አልነበረም። ዳር ዳሩ በሰማያዊ ክር የተጠለፈ ጨርቅ ነው። ሰባተኛ።

እርጥብ ነበር። ሞቃትም ነበር። ነጭ ሽንኩርት ይሸታል።

ያኔ የመግሪብ አዛን ተሰማ። ከበሩ ውጭ ደግሞ፣ ደረጃው ላይ፣ ወንበር ሲጎተት ሰማን። አንድ... ሁለት... ሦስት...

ልጆቹ ማላመጥ አቆሙ። ኡሙ ዊሳም ግራ እጅጌዬን ጨምድዳ ያዘች።

በቀኜ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

ቀኝ ክንዴ ላይ ግን... ያ ሙቀት።