ቀዩ ሽቦ

ሙዚቃው ድንገት ጸጥ ሲል ሠርፀ መሪውን በመዳፉ መታው።

«ይኸው! ደግሞ ጀመራት!»

ፀሎት የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳቀፈች ወንድሟን አየችው። በጁባ ከተማ ከቡሉክ ወደ ሰፈራቸው ወደ ሙኑኪ እየተመለሱ ነው። መኪናዋ ጉድጓድ ውስጥ በገባች ቁጥር ዘፈኑ ሲቆራረጥ ቆይቶ አሁን ጨርሶ ጠፋ። ሠርፀ ዳር ይዞ አቆመና ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። እሷም ተከትላው ወረደች።

ከባትሪው ተነስቶ ወደ መኪናዋ ውስጥ የሚገባ፣ እርሳስ የሚያክል ቀይ ሽቦ አለ። ባትሪው አጠገብ አንዲት ትንሽ የብርጭቆ ፊውዝ ተሰክታበታለች። ሠርፀ ነቅሎ ወደ ፀሐይ አነሳት። ውስጧ ጥቀርሻ መስሏል።

«ትናንት የቀየርካት አይደለችም እንዴ?» አለች ፀሎት።

«ርካሽ ዕቃ ምን ታደርጊዋለሽ!»

ኪሱን ዳበሰ፤ ሌላ ፊውዝ አልነበረውም። ከወንበር ሥር ትራፊ ሽቦ አመጣና ልባሱን በጥርሱ ላጠው። ከውስጡ ያወጣውን መዳብ አጥፎ ደራርቦ ፊውዟ በነበረችበት ቦታ ጠመጠመው። ሙዚቃው ወዲያው ተመለሰ። ቤዙ ሲመታ የኮፈኑ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ።

«አየሽ? ማፊ ሙሽኪላ!» ብሎ ሳቀ። ጁባ ከመጣ ወዲህ ለሁሉም ነገር መልሱ ይህ ነው፤ ችግር የለም።

ፀሎት ግን አልሳቀችም። ኮፈኑ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ሽታ ሸቷት ነበር፤ እሳት ውስጥ የወደቀ የላስቲክ ጫማ ዓይነት ሽታ።

መኪናዋ የእናታቸው ናት። በዛብሽ ሙኑኪ ውስጥ ምግብ ቤትና ጥቂት የእንግዳ ክፍሎች አሏት፤ እንግዶቿን ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚያመላልሰው ሠርፀ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። መንዳት ይችልበታል፤ መጠበቅ ግን አይችልበትም። መኪናዋ ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው ሬዲዮ ድምፁ ከፍ ሲል እንደ ጉንፋናም ሰው ስለሚያፍነው፣ ድምፅ የሚያጎላ አምፕሊፋየር ይጨመርለት እያለ እናቱን መቆሚያ መቀመጫ አሳጣት። በመጨረሻ «እሺ፤ ግን ኸይሩ ይሥራው። አንተ እንዳትነካካው» አለችው። ኸይሩ የሰፈሩ ሐበሻ ሁሉ መኪናው ሲበላሽበት የሚሮጥለት የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው።

ከጥቂት ቀን በኋላ ሠርፀ መኪናዋን እያስጮኸ ግቢ ገባ። አምፕሊፋየሩ ከኋላው ወንበር ሥር ተቀምጧል። «ኸይሩ አንደኛ አድርጎ አሰረልኝ» አለ። ማንም አልተጠራጠረም።

ሠርፀ መዳቡን በጠመጠመ ማግስት ፀሎት ከትምህርት ቤት ስትመለስ ኸይሩ ሱቅ በር ላይ ቆመች። ያ ሽታ ከአፍንጫዋ አልወጣ ብሏት ነበር።

«ጋሽ ኸይሩ፣ ፊውዝ ዝም ብሎ ይቃጠላል እንዴ?»

ኸይሩ ገላልጦ ከዘረጋው ሬዲዮ ላይ ቀና አለ። «ዝም ብሎማ አይቃጠልም። ምነው?»

«የሠሩልን አምፕሊፋየር ነዋ። ፊውዙ አሁንም አሁንም ይቃጠላል።»

ሰውየው መፍቻውን አስቀመጠ። «እኔ? የኔ እህት፣ እኔ የእናንተን መኪና በእጄም አልነካኋት። ሠርፀ ያመጣው ሽቦ የማይሆን ሆነብኝ። ደህና ሽቦ እስካስመጣ ታገሠኝ አልኩት። ከዚያ ወዲህ ዓይኑንም አላየሁት።»

ፀሎት ፊቷ ሲግል ታወቃት። ስለ መዳቡ ስትነግረው ኸይሩ እስክትጨርስ አላቋረጣትም።

«ስሚኝ» አለ ከዚያ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሽቦው ከሞተሩ ወደ ውስጥ የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ። እዚያ ጋ ቆርቆሮው ቢላ ነው። ዙሪያውን ላስቲክ ካልተደረገለት፣ መኪናዋ በተንገጫገጨች ቁጥር የሽቦውን ልባስ ይበላዋል። ባዶው መዳብ ቆርቆሮውን ሲነካ ፊውዙ ራሱ ተቃጥሎ እናንተን ያድናችኋል። ፊውዝ ማለት ዘበኛ ነው። ወንድምሽ ዘበኛው ጮኸብኝ ብሎ ዘበኛውን አባረረ።»

«ሙዚቃውን ባይከፍተውስ?»

«ምን ዋጋ አለው? ያ ሽቦ በቀጥታ ከባትሪ ነው የሚመጣው። ሞተር ቢጠፋ፣ ቁልፍ ቢነቀል፣ እሱ አይተኛም። ዛሬውኑ ከባትሪው ላይ ይንቀለው። ከዚያ አምጡልኝ፤ እኔ አስተካክለዋለሁ።»

ሠርፀ ግቢ ውስጥ መኪናዋን እያጠበ አገኘችው። የሰማችውን ስትነግረው ጨርቁን ባልዲ ውስጥ ወረወረ።

«ማን ሂጂ አለሽ? ሰላይ ሆንሽብኝ?»

«ዋሽተኸናል፣ ሠርፀ።»

ዙሪያውን ቃኘ። እናታቸው ወጥ ቤት በር ላይ ቆማ ከአትክልት ነጋዴ ጋር ትከራከራለች። «ፀሊ፣ እባክሽ» አለ በሹክሹክታ፤ ቁጣው ከፊቱ ላይ ጠፍቶ። «ባለፈው መኪናዋን አጋጭቼ የዋሸኋት ጊዜ ያለችውን ሰምተሻል። ሌላ ውሸት ካገኘሁብህ አዲስ አበባ አጎትህ ጋ ትመለሳለህ ነው ያለችው። እዚያ ቤት ደግሞ አልመለስም። ምን እንደሚመስል ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። ጁባ ከመምጣታቸው በፊት ሁለቱም ያደጉት እዚያ ነው። አጎታቸው ሳይናገር የሚመታ ሰው ነበር። እሷ ሰሃን ስትሰብር «እኔ ነኝ» እያለ ቀበቶውን የሚቀበለው ሠርፀ ነበር። ይህን ነገር ለእናታቸው ነግረዋት አያውቁም።

«እሺ፣ አልነግራትም። ግን አሁን ንቀለው።»

«ማታ እነቅለዋለሁ። ሰኞ ደግሞ ኸይሩ ጋ እወስዳታለሁ። ሙቺ!»

ፀሎት ወደ ክፍሏ ገባች።

ቅዳሜ መርዶ መጣ። ከወንዙ ማዶ ጉምቦ ሱቅ ያላቸው የአቶ ጌታቸው እናት አገር ቤት ዐርፈዋል። የሙኑኪ ሴቶች ምግብ ይዘው ሊያስተዛዝኑ ተነሡ። መኪናዋ በሰውና በድስት ሞላች። እናቷ ከፊት ተቀመጠች። መሐለኛው ወንበር ላይ ፀሎትና ጎረቤታቸው እትዬ ማናህሎሽ ተቀመጡ፤ የኋላውን ወንበር ድስቶቹ ያዙት። ትንሿ ሶሊ በእናቷ በማናህሎሽ ጭን ላይ ናት። ሁሉም ከገቡ በኋላ ሠርፀ ለድንኳኑ ጄኔሬተር የሚሆን ቤንዚን በጀሪካን ተሸክሞ መጣ። የጀሪካኑ ክዳን ጠፍቶ አፉ በፌስታል ተወትፏል። ከኋላ ወንበር ጀርባ፣ አምፕሊፋየሩ አጠገብ አስቀመጠው።

ፀሎት በመስኮቱ አንገቷን አወጣች። «ነቀልከው?»

«ለቅሶ እኮ ነው የምንሄደው፣ ማን ሙዚቃ ይከፍታል?» አለና ወደ መሪው ሄደ።

የጠየቀችው ይህን አልነበረም።

ሰማዩ ከወንዙ ማዶ ጠቁሯል፤ ነፋስ ግን የለም። መንገድ ዳር በተከመረው ቆሻሻ ላይ አባ ኮዳዎች ክንፋቸውን አጥፈው ቆመዋል። ሴቶቹ ስለ ሟቿ ሲያወሩ ፀሎት አንድም ቃል አልሰማችም። ጆሮዋ ከኋላ የሚንቦጫቦጨው ቤንዚን ላይ ነው። መኪናዋ ስትዘል እሱም ይዘላል። ፌስታሉ ረጥቦ ነበር።

ድልድዩ ጋ ሲቃረቡ የመኪናው ሰልፍ ቆመ። ከፊታቸው አንድ የውሃ ቦቴ አለ። ድልድዩ አፍ ላይ መሣሪያ የታጠቁ ወታደሮች ወዲያ ወዲህ ይላሉ።

«የምን ሽታ ነው?» አለች ማናህሎሽ።

«የቦቴው ፍሬን ነው» አለ ሠርፀ ፈጠን ብሎ።

ፀሎት በመስተዋቱ ውስጥ ዓይኑን ፈለገችው። ዓይኑን ሰበረ። ግንባሩ በላብ ተጠምቋል። ያን ጊዜ ገባት፤ እሱም ፈርቷል። ፈርቶም ዝም ብሏል።

ሰልፉ ትንሽ ፈቀቅ አለ። መኪናዋ ነገጭ ስትል ከዳሽቦርዱ ሥር፣ እናቷ እግር አጠገብ፣ ጠጠር እንደሚሰበር ዓይነት ድምፅ ተሰማ። ቀጥሎ ቀጭን ጭስ ብቅ አለ። እናቷ ስልኳን እየነካካች ስለነበር አላየችውም።

«ሠርፀ፣ አጥፋት» አለች ፀሎት።

«እዚህ ቆሞ መቅረት አይቻልም! ወታደሮቹ አይታዩሽም? ድልድዩን እንሻገርና...»

ድልድዩ ላይ ከወጡ በግራም በቀኝም ውሃ ነው። ከፊትም ከኋላም መኪና ነው። ፀሎት ሌላ አላሰበችም። በሩን ስባ ከፈተች፣ ሶሊን ከእናቷ ጭን ላይ መንጥቃ ወረደች።

«ልጄን!» ብላ ማናህሎሽ ተከትላት ዘለለች።

«አብደሻል እንዴ አንቺ? ግቢ!» ጮኸች እናቷ።

«እማዬ ውረጂ! እግርሽ ሥር እሳት አለ፤ ከኋላ ቤንዚን አለ! ውረጂ!»

በዛብሽ ጎንበስ ብላ አየች። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደወረደች ራሷም አታስታውስም፤ ነጠላዋ በር ላይ ተሰቅሎ ቀረ። አንድ ወታደር «ደ ሹኑ? ምንድን ነው ይሄ?» እያለ መሣሪያውን አስተካክሎ መጣ። ጭሱን ሲያይ ግን ከኋላ ወዳሉት ሰዎች ዞሮ በሁለት እጁ «ራቁ! ራቁ!» አለ።

ሠርፀ መሪውን እንደጨበጠ ደርቋል።

«ቤንዚኑን፣ ሠርፀ!»

የእህቱ ድምፅ ቀሰቀሰው። ሞተሩን አጥፍቶ ሮጦ ጀሪካኑን አወጣና ርቆ ከጭቃው ማዶ ጣለው። ተመልሶ ኮፈኑን ከፈተ። ሞተር ጠፍቶም ጭሱ አልቆመም፤ ኸይሩ እንዳለው ነው። ሠርፀ መፍቻ እስኪፈልግ አልጠበቀም። ቀዩን ሽቦ በባዶ እጁ ይዞ እያቃሰተ ከባትሪው ላይ መነጨቀው። የቀለጠው ልባስ መዳፉ ላይ ተጣበቀ።

ጭሱ እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ።

ወታደሩና ሁለት የቦዳቦዳ ሞተር ሳይክል ነጂዎች መኪናዋን ገፍተው ዳር አስያዟት። አንደኛው ነጂ ጀሪካኑን አየና ራሱን ነቀነቀ። ማናህሎሽ ሶሊን ደረቷ ላይ ለጥፋ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ታለቅሳለች ግን ድምፅ የላትም። የመጀመሪያው የዝናብ ጠብታ ኮፈኑ ላይ አረፈ።

«ምንድን ነው የሆነው?» አለች በዛብሽ። «ሠርፀ፣ ምንድን ነው ይሄ ሽቦ?»

ሠርፀ የተቃጠለ እጁን በሌላው እጁ ደግፎ ቆሟል። ለአፍታ ፀሎት እውነቱን ሊናገር ነው ብላ ጠበቀች።

«ኸይሩ ነው» አለ። «አበላሽቶ አስሮብኝ ነው።»

«ኸይሩ?» የበዛብሽ ፊት ተቀያየረ። ፍርሃቷ መሄጃ አገኘ። «ልጆቼን ሊያነድልኝ? የሰው ልጅ ሊያስፈጅብኝ? ቆይ! ከእንግዲህ አንድ ሰው መኪናውን ደጁ አያቆምም። ይህን ካላደረግሁ እኔ በዛብሽ አይደለሁም!»

ማድረግ ትችላለች። እሷ ምግብ ቤት ውስጥ ምሳ የማይበላ የሙኑኪ ሐበሻ የለም፤ አንዴ ከአፏ የወጣ ወሬ ሳይመሽ ሰፈሩን ያዳርሳል። ኸይሩ ደግሞ ከዚያች ሱቅ ሌላ ምንም የለውም።

ስልኳን አውጥታ ደወለች፣ ድምፁንም ለሁሉም እንዲሰማ ከፈተችው። ጥሪው ሲጮህ ሠርፀ ወደ ፀሎት ዞረ። ራሱን ብቻ ወደ ግራና ቀኝ አነቃነቀ፤ በጣም በትንሹ። ከዓይኑ ሥር የልጅነት ፊቱ ታያት፤ የአጎታቸው ሳሎን ውስጥ ቆሞ «እኔ ነኝ» ይል የነበረው ልጅ ፊት።

ለእናቷ ስለዚያ ቤትም መንገር ይኖርባታል። ሁሉንም። ከዛሬ ማታ አያልፍም።

«አቤት፣ እትዬ በዛብሽ!» አለ ኸይሩ በስልኩ ውስጥ። «ደህና ናችሁ? ልጆቹ ደህና ናቸው?»

በዛብሽ ለመጮህ ትንፋሿን ሳበች። ፀሎት ከወንድሟ ላይ ዓይኗን አንሥታ ወደ እናቷ ተራመደችና ስልክ የያዘውን እጇን ያዘችው።

«እማዬ፣ ጋሽ ኸይሩን አትቆጪው» አለች። «የምነግርሽ አለ። ስልኩን ግን አትዝጊው፤ እሱም ይስማ።»