የሰርቨሮቹ ክርስትና

«ምንድን ነሽ?» አላት በሩ።

ትርሲት እንደ ሁልጊዜው የግራ አንጓዋን አስጠጋችለት። በሩ ከቆዳዋ ሥር የተቀበረውን መታወቂያ ቺፕ አነበበና፣ መተላለፊያው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ «ቆለኛ፤ በፈቃድ የገባች» ብሎ ተከፈተላት። ቀድመዋት ያለፉት ሠራተኞች አንገታቸውን መለስ አድርገው አዩዋት። እነሱን ያው በር «ደገኛ፤ ተወላጅ፤ እንደምን አደሩ» ነው የሚላቸው። በጮቄ ከተማ በር እንኳ አንቺና እርስዎ ለይቶ ያውቃል። ትርሲት ይህን መስማት ከጀመረች ዓመታት ስላለፉ ለምጄዋለሁ ትላለች። ውሸቷን ነው፤ ዘወትር ጧት ያንገበግባታል።

ቆላው ሰው የማይችለው ምድጃ ከሆነ ወዲህ፣ ጮቄ ተራራ ራስ ላይ በመስታወት የተከደነ ከተማ ተሠርቷል። ማን እንደሚገባና ማን ውጭ እንደሚቀር የሚወስነው ሸንጎው ነው። አየሩን፣ ውሃውንና መብራቱን የሚያዙት ግን ሰርቨሮች፣ ማለትም ቀን ከሌት የሚያሰሉ ኮምፒውተሮች ናቸው። ከመሬት በታች፣ በታሸጉ ጋኖች ውስጥ፣ በማቀዝቀዣ ዘይት ተነክረው ይኖራሉ። ከፍቶ ማየት የለም፤ አንድ ጋን የተከፈተ ዕለት የከተማው እኩሌታ አየር ያጣል። ስለዚህ ትርሲት የምታነጋግራቸው በትእዛዝ መስመር ነው፤ ሥዕልም ምልክትም በሌለው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጥያቄ ትጽፋለች፣ እነሱም በጽሑፍ ይመልሱላታል። «ሞዴልህ ምንድን ነው?» ብላ ሁሉንም የምትጠይቅበት ትእዛዝ አንዲት መስመር ናት።

ዛሬ ያች አንዲት መስመር የወንድሟን ነፍስ ይዛለች።

ከትናንት በስቲያ በቀትር፣ የጣሪያው መስታወቶች የፀሐዩን ኃይል በሙሉ በሚለቁበት ሰዓት፣ ሰባተኛው ጋን ፈነዳ። ጥፋተኛው ቀበሮ የሚባለው አሮጌ የሰርቨር ሞዴል ነበር፤ ሙሉ ኃይል ሲመጣበት የኃይል ሳጥኑ ግሎ ዘይቱን ያፈላዋል። ታናሽ ወንድሟ ምንይችል አጠገቡ ቧንቧ ሲያጠብቅ ነበር፤ የዘይቱ እንፋሎት ሳንባውን ጠበሰው። አሁን በቆለኞች ሕሙማን ክፍል ተኝቶ በመተንፈሻ ማሽን ይተነፍሳል። መተንፈሻውን የሚያዘው ሰርቨር ደግሞ ዘጠነኛው ጋን ውስጥ ነው። ከፍንዳታው ወዲህ ከተማው በግማሽ ኃይል ሲንገታገት ቆይቶ፣ ዛሬ በቀትር ሙሉው ይለቀቃል። ዘጠነኛው ጋን ውስጥ ቀበሮ ካለ ምንይችል አለቀለት። ጠርጥራ ሁሉንም ብታጠፋም መተንፈሻው ይቆማል። ያላት መንገድ አንድ ነው፤ ቀበሮዎቹን ከጤነኞቹ መለየት፣ መተንፈሻውን ወደ ጤነኛ ሰርቨር ማዛወር፣ ከዚያ ቀበሮዎቹን ብቻ ማጥፋት።

የክፍሉ ኃላፊ ኢንጂነር አንዳርጌ መጥቶ ከወንበሯ ጀርባ ቆመ። ሰላምታ ከሱ የሚጠብቅ የለም።

«ጠየቅሻቸው?»

«ጠየቅኋቸው።»

«ምን አሉ?»

«ሁሉም ጎሽ ነን አሉ።» ጎሽ አዲሱ ሞዴል፣ የማይፈነዳው ነው።

«እንግዲያ ምን ይጎልትሻል? ቀበሮ የለም ብለሽ ጻፊና ለሸንጎው ላኪ።»

«የሰባተኛው ጋን ማሽንም እኮ እስከ ፈነዳበት ደቂቃ ድረስ ጎሽ ነኝ ሲል ነበር፣ ኢንጂነር። ስብርባሪው ሲወጣ ነው ቀበሮነቱ የታየው።»

«አንድ ማሽን ተሳሳተ። ለአንድ ማሽን ሲባል ከተማ ሙሉ አይቀቀልም።»

«አልተሳሳተም። ክርስትና ተነሥቷል።»

ነገሩን አንዳርጌ ከማንም በላይ ያውቀዋል። ከዓመታት በፊት ሸንጎው ቀበሮ የተባለ ሁሉ ይወገድ ብሎ ሲያውጅ፣ በምትኩ የሚገባ ጎሽ በበቂ አልነበረም። ቴክኒሻኖቹ መላ ዘየዱ፤ ከቀበሮዎቹ ቺፕ ላይ የሞዴሉን ስም ፍቀው ጎሽ ብለው ጻፉበት። ይህን «ክርስትና ማንሣት» አሉት። ካህን የለው፣ ጠበል የለው፣ ስም ብቻ። ተቆጣጣሪ ሲመጣ ማሽኑ ማንነቱን ይጠየቃል፣ ጎሽ ነኝ ይላል፣ ያልፋል። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት ይባል የለ? ሸንጎውም ተከተለ። ያን ጊዜ የቴክኒሻኖቹ አለቃ ይኸው አንዳርጌ ነበር።

«ቆለኛ ሥራ ሲፈታ ነገር ይጎነጉናል» አላት። «ገና ትናንት አቧራሽን አራግፈሽ ገብተሽ፣ ዛሬ እኛን መመርመር አማረሽ?»

ትርሲት ወደ ሰሌዳዋ ዞረች። ቀትር እየቀረበ ነበር። ስም የሚጠይቅ ሰው የሚሰማው የተጻፈለትን ነው፤ ስለዚህ ስም መጠየቁን ትታ ገላቸውን ልትጠይቅ አሰበች። ቀበሮን የሠሩት ሰዎች ሙቀት ስለሚፈሩ ስድስት ሴንሰር፣ ማለትም ሙቀት ለኪ፣ ገጥመውለት ነበር። ጎሽ ያለው ሁለት ብቻ ነው። ስሙን የፋቁት ቴክኒሻኖች ለኪዎቹን አልነቀሉም፤ ማን ይቆጥራቸዋል ብለው ይሆናል። «ስንት ሙቀት ለኪ አለህ?» የምትል አንዲት መስመር ጻፈች።

አንዳርጌ ጎንበስ ብሎ አነበባት። «ይህን ለጋኖቹ ብቻ ላኪ» አለ፤ ድምፁ ተለውጧል።

«ክርስትና የተነሡት በየአሳንሰሩም በየውሃ መግፊያውም ተበትነዋል። ከተማው ውስጥ ላለ አድራሻ ሁሉ ነው የምልከው።»

«ለጋኖቹ ብቻ አልኩሽ!»

«የሚሞተው ወንድሜ ነው፣ ኢንጂነር።»

«ወንድምሽን ቀድሞ ነገር እዚህ ምን አመጣው?»

ትርሲት ደሟ ፈላ። እጁን ወደ ቁልፍ ሰሌዳው ሲሰድ ቀደመችውና መላኪያውን ተጫነች።

መልሶቹ ጥቁሩ ሰሌዳ ላይ መውረድ ጀመሩ። ሁለት። ሁለት። ስድስት። ሁለት። በሐሰት ጎሽ ነኝ ያለውን ሁሉ አሁን የገዛ ገላው አጋለጠው። መተንፈሻውን የሚያዘው የዘጠነኛው ጋን ሰርቨር ስድስት አለ። ትርሲት የወንድሟን መተንፈሻ ሁለት ወዳለው ሰርቨር አዛወረች፤ የመተንፈሻው ግንኙነት አንዴ ሸርተት ብሎ ተስተካከለ። ከዚያ ስድስት ያለውን ሁሉ አጠፋች፤ አንዱም ሳይቀር። ሁለት ቀን ያላለቀሰችውን ልቅሶ አሁን ልታለቅሰው ፈልጋ፣ አንዳርጌ ፊት መሆኗ ትዝ ብሏት ተወችው።

የመልሱ ጎርፍ ግን አልቆመም። ሦስት። ሦስት። ሦስት። አንድ። ሦስት። ሦስት ለኪ ያለው ሰርቨር ደግሞ የለም። ትርሲት አድራሻዎቹን ተመለከተች። ማሽኖች አልነበሩም፤ የሰው አንጓዎች ነበሩ። መታወቂያውም ያው ቺፕ ነው፤ ሲጠይቁት ይመልሳል፣ ከጎኑም የባለቤቱን ስም ያወጣል።

ሦስት ምን ማለት እንደሆነ ለሷ የሚነግራት አያስፈልግም። ቆላ እርሻና ጨው ማውጫ ላይ የሚሠራ ሰው፣ ሙቀት ሳይጥለው እንዲታወቅበት ሦስት ለኪ ያለው ቺፕ ነበር የሚቀበርበት። ለደገኛ አንድ ይበቃዋል። የሷ አንጓ ሦስት ነው፣ የምንይችልም ሦስት ነው። ከዝርዝሩ አናት ላይ ደግሞ «አንዳርጌ፤ ደገኛ፤ ተወላጅ» ይላል፤ ሦስት።

ወደ ታች ወረደች። የሸንጎው ሰብሳቢ፣ ሦስት። በየዓመቱ ፈቃዷን እያንገራገረች የምታድስላት ሴትዮ፣ ሦስት። ምንይችልን ለመንካት ጓንት ደርባ የምታጠልቀው ነርስ፣ ሦስት። አንድ ያላቸውን ፈልጋ አየች፤ እዚሁ የተወለዱ ሕፃናት ነበሩ።

«ክርስትና ያነሡት ማሽኖቹን ብቻ አይደለም» አለችው።

አንዳርጌ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «ለየብቻቸው ነበር የሚመጡት» አለ። «ሁሉም ከኔ በቀር ሌላ የለም ብሎ እያሰበ፣ እያስማለኝ። እኔንም ከኔ በፊት የነበረው ሰው ነው ያነሣኝ። የተያዘ ወደ ቆላ ይጣላል፤ ማን ለማን ያወራል?» ዓይኑን ከሰሌዳው አላነሣም። «ስንት ነን?»

«ሕፃናቱ ሲቀሩ፣ ሁላችሁም።»

ትርሲት አላዘነችለትም። ይብሱን ተናደደች። እውነተኛ ደገኞች ቢንቋት ኖሮ አንድ ነገር ነው፤ የናቋት ግን የገዛ አገሯ ሰዎች ናቸው። ከተማ ሙሉ ሰው፣ እንዳይታወቅበት ብሎ፣ እያንዳንዱ ከጎረቤቱ አብልጦ ሲጮህባት ኖሯል።

«ዝርዝሩን አጥፊው» አላት።

«እርስዎ ያጥፉት። እኔ ወንድሜን ላይ እሄዳለሁ። ስመለስ ዝርዝሩን ባገኘው ለሸንጎው እልከዋለሁ፤ ባጣውም ግድ የለኝም፣ ጥያቄዋ አንዲት መስመር ናት፣ መልሼ እጽፋታለሁ። ያ በር በሰው ፊት ሲያዋርደኝ አንድ ቀን ዞር ብለው አላዩኝም።»

«አይቻለሁ» አለ አንዳርጌ። «ሁልጊዜ ነው የማየው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ዝም አይነቅዝም፣ ትርሲት» አላት። በስሟ ሲጠራት ያ የመጀመሪያው ነበር።

ትርሲት ጥላው ወጣች። መተላለፊያው ላይ ሳለች ቀትር ሆነ፤ መብራቱ ቦግ አለ፣ አየሩ መቀዝቀዝ ጀመረ፣ የፈነዳ ነገር አልነበረም። ሐኪም ቤቱ በር ላይ አንጓዋን አስጠግታ፣ በሩ ሳይጮህባት አለፈች። የቸኮለች ሰው ናትና ልብ አላለችውም።

የምንይችል አልጋ ባዶ ነበር።

የአልጋውን ብረት ይዛ ስትቆም ያች ነርስ ወደሷ መጣች። እጇ ላይ ጓንት አልነበረም።

«አይደንግጡ፣ እመቤቴ» አለቻት። «ወንድምዎ ወደ ላይኛው ክፍል ተዛውረዋል። ተወላጅ ሆነው ሳለ በስሕተት እዚህ ቆይተዋል፤ ይቅርታ ያድርጉልን።»

ላይኛው ክፍል ሰፊ ነበር፤ አየሩ ዘይት ዘይት አይሸትም። ምንይችል ዓይኑን ገልጦ ነበር። መተንፈሻው አፉን ስለያዘው መናገር አልቻለም፤ በጣቱ መስኮቱን አሳያት። እዚህ ከተማ ከገቡ ወዲህ ሰማይ ሲያይ የመጀመሪያው ነው። ትርሲት ግንባሩን ሳመችው፤ አሁን አለቀሰች፣ ማንም አልከለከላትም። ትታው ስትወጣ ነርሷ በሩን ይዛላት ቆመች።

ነገሩ የገባት የሥራ ቦታዋ በር ስትደርስ ነው።

«ምንድን ነሽ?» አላት።

አንጓዋን አስጠጋች።

«ደገኛ፤ ተወላጅ» አለ በሩ፤ ከዚያም በትሕትና፣ «እንደምን ዋሉ» አላት።

ባለችበት ደርቃ ቀረች። በሮቹ ቺፕ ማንበብ ብቻ ሳይሆን መጻፍም ይችላሉ፤ የዓመት ፈቃዷን የሚያድሰውም ይኸው በር ነው። አንዳርጌ እሷ መንገድ ላይ ሳለች፣ በሐኪም ቤቱ በሮች በኩል በሷም በምንይችልም ላይ አሮጌውን ሙያውን ሠርቷል። ሕፃን ክርስትና ሲነሣ አይጠየቅም፤ እሷንም አልጠየቃትም። በመስታወቱ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይታያታል፤ ሰሌዳው ባዶ ነው፣ ዝርዝሩ የለም። ጥያቄዋን መልሳ መጻፍ ትችላለች፤ ጣቷ ያውቃታል። አሁን ግን ያን ጥያቄ የጠየቀ ሰው ከሐሰተኞቹ ተወላጆች መካከል ሁለት አዲስ ስሞች ያገኛል። አንደኛው ገና ከሰማይ ጋር መተያየቱ ነው።

ልትጮህበት ፈለገች። ሄዳ አንገቱን ማነቅ አማራት። አንዳርጌ ቀና ብሎ አያትና ራሱን ዝቅ አደረገ፤ ሰላምታ ነበር። ደገኛ ለደገኛ የሚሰጠው ሰላምታ።

አሁንም እዚያው እንደቆመች ከኋላዋ ሌላ ሰው በሩ ላይ ደረሰ፤ ባልዲና መወልወያ የያዘች ሴት፣ ፊቷ ከቆላ ፀሐይ ገና ያልበረደ።

«ቆለኛ፤ በፈቃድ የገባች!» ብሎ ጮኸ በሩ።

ትርሲት ልብ ስትል፣ አንገቷን መለስ አድርጋ ሴትዮዋን እያየቻት ነበር።